የአዋሽ ውሃና በዳሩ የሚኖሩ ሰዎች ጤና

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው የቀደሙ ሰዎች ተረት ለዓባይ ባላገር ብቻ የተነገረ ይመስላል። ነገሩን አስተውሎ ለሚመረምር ሰው ግን ተረቱ ከዓባይ ልጅ ይልቅ ለአዋሽ ልጅ የሚስማማ ሆኖ ይገኛል። ዓባይ ከተወለደበት ወጥቶ የሩቅ ምድር ያጠጣል፤ ስለዚህ ልጁ ቢጠማ ወንዙ ጥሎት ስለ ሄደ ነው ይባላል። አዋሽ ግን ጥሎ አይሄድም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ፤ ከግንጪ አቅራቢያ ይነሣል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ቆላውን ካቋረጠ በኋላም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን ላይ በአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እንዲህ ያለው ወንዝ በዳሩ የሚኖረውን ሰው ሲያስጠማውና ሲያሳምመው፤ ምክንያቱን ከወንዙ ሳይሆን ከሰው ሥራ መፈለግ ይገባል።

የዚህም ፍለጋ ታሪኩ ረጅም አይደለም። ዋናው ነገር የተፈጸመው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን፤ ልዩ ምልክት ካልተደረገለት በቀር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ይወቅ።

አስቀድሞ የወንዙ ሰዎች እንዴት ይኖሩ እንደ ነበረ መናገር ያስፈልጋል። በወንጂ ሜዳ ጅሌዎች፤ በመተሐራና በፈንታሌ ዙሪያ ከረዩዎች፤ ከዚያ በታች እስከ አውሳ ድረስ አፋሮች ከብት፤ ግመል፤ በግና ፍየል እያረቡ ይኖሩ ነበር። በአውሳ፤ ወንዙ ተከፋፍሎ ሐይቆቹን በሚመግብበት ስፍራ፤ እህል የሚዘሩም ነበሩ። የቀረው ግን ኑሮው ወተት ነው። ወተት ለሕፃኑ ምግቡ፤ ለሽማግሌው ኀይሉ፤ ለእንግዳው ክብሩ ነበረ። እህል ሲያስፈልግ ከብት ወይም ቅቤ ወደ ደጋው ዳር ወደ ገበያ ይወጣል፤ በዚያ ተሸጦ እህል ይገዛበታል።

የዚህ ኑሮ ምሥጢር በጊዜ መሄድና በጊዜ መመለስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የደጋው ዝናም ሲበረታ አዋሽ ከዳሩ ወጥቶ ሜዳውን ይሸፍነዋል። በዚያ ወራት ባላገሩ ከብቱን እየነዳ ወደ አላይደጌ ሜዳና ወደ ሌላውም ደረቅ ስፍራ ይወጣል፤ በዚያ የክረምቱ ዝናም ያበቀለው ሣር አለና። ደግሞም በጎርፉ ጊዜ የወንዙ ዳር ረግረግ ነው፤ ቢንቢው ይበዛል፤ ንዳድ ይነሣል። ጎርፉ ሲመለስ መሬቱ ርሶ ይቀራል፤ በርጥበቱም ሣር ይበቅላል። የውጭው ሜዳ በበጋ ሲደርቅ ባላገሩ ወደዚህ ወደ ተጠበቀው ሣር ይመለሳል። እንግዲህ የወንዙ ዳር ሣር ለከብት አርቢው እንደ ጎተራ ነው፤ ጎተራም በመከር ሳይሆን በችግር ወር ይከፈታል። መሄዱ ደግሞ ለግጦሽ ብቻ ሳይሆን ለጤና ነው፤ የበሽታውን ወር ከበሽታው ስፍራ ርቆ ያሳልፍበታልና። ሐኪም ያላዘዘው፤ አባት ለልጅ ያስተማረው መድኀኒት ይህ ነበረ።

ይህንንም የሚመራው ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናም የት ጣለ፤ ሣር የት አለ፤ የከብት በሽታ በማን መንደር ገባ፤ ማን ታመመ፤ ማን ሞተ ይባባላሉ። የሰማም ለሚቀጥለው መንገደኛ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያደርሳል። በዚህ ዓይነት ወሬው ከፈረሰኛ ቀድሞ አገሩን ይዞራል፤ መንጋውም ከበሽታና ከድርቅ ይሸሻል።

አፋሮች ይህን ምድር ከሚደፍር ሰው በጦር ይጠብቁት ነበር። በ1868 ዓ.ም. በግብፅ መንግሥት አገልግሎት የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሙንዚንገር ሠራዊት አስከትሎ ወደ አውሳ በገባ ጊዜ አፋሮች አደጋ ጥለው እርሱንም ብዙ ወታደሮቹንም ገደሉ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን የውጭ ሰው አዋሽን እስከ ፍጻሜው ተከትሎ ለማየት ይፈራ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር የአውሳውን ሱልጣን ፈቃድ አግኝቶ አቤ ሐይቅ የደረሰው በ1926 ዓ.ም. ነው። በጦር የመጣውን በጦር መለሱት፤ በእንግድነት የመጣውንም አሳለፉት። በወረቀት የመጣውን ግን በምን እንደሚመልሱት አላወቁም።

በወረቀት የመጣው እንዲህ ነው። በ1943 ዓ.ም. ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በወንጂ ሜዳ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ያዘ፤ በ1946 ዓ.ም. ፋብሪካው ስኳር ማውጣት ጀመረ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ በ130ኛው አንቀጽም በማንም ስም ያልተያዘ መሬት፤ ከዚህም ጋር የግጦሽ መሬት ሁሉና ወራጅ ውሃ፤ የመንግሥት ሀብት ነው ተብሎ ተጻፈ። በ1952 ዓ.ም. ኢጣልያ ለጦርነቱ በከፈለችው ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ አለቀ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በዚያም ዘመን ሚቸል ኮትስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመተሐራ ስኳር እርሻና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከተሉ፤ ከረዩዎችም በሁለቱ መካከል ተጣበቡ።

ይህ ሁሉ ለአገር የሰጠውን ጥቅም መካድ አይገባም። ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው ስኳር በአገር ተሠራ፤ ጥጡ የልብስ ፋብሪካዎችን መገበ፤ የቆቃ ውሃ ለከተማዎች መብራት ሰጠ፤ ከደጋና ከደቡብ የመጣ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ደመወዝ አገኘ። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራሕ ሐንፈሬና አንዳንድ የአፋር ባላባቶችም ራሳቸው ጥጥ ዘርተው በለጸጉ። ነገር ግን ሒሳብ የሚባለው ገቢውን ብቻ ሳይሆን ወጪውንም የጻፈ እንደ ሆነ ነው። የአዋሽ ወጪ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ቀረ።

የስሕተቱ ሥር አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ባዶ መሬት» የሚለው ቃል ነው። መሬት ሊለካ የወጣ ሰው በክረምት ቢመጣ በወንዙ ዳር ሰው አያገኝም፤ ጎጆ የለም፤ አጥር የለም፤ የታረሰም የለም። ስለዚህ ባዶ ነው ብሎ ይጽፋል። ባዶ የሆነው ግን ባለቤቱ ስለሌለው አይደለም፤ ባለቤቱ ለበጋ ስላስቀመጠው ነው። የተዘጋ ጎተራ ያየ ሰው እህሉን የተጣለ ነው ብሎ ቢወስድ፤ ክፋቱ የሚታወቀው በዚያው ቀን ሳይሆን ባለቤቱ ተርቦ ሲመለስ ነው።

ከዚህም በላይ የተወሰደው መሬት ከጠቅላላው የአፋር ምድር ጋር ሲተያይ ጥቂት ይመስል ነበር። አገሩ ሰፊ ነው፤ ወደ ሌላ ስፍራ ይሂዱ ተባለ። ነገር ግን ሰፊው አገር በክረምት ብቻ የሚያበላ ነው። በበጋ የሚያበላው ያ ጥቂቱ የወንዝ ዳር ነበረ። ሰፊ ቤት ያለው ሰው መግቢያ በሩ ቢወሰድበት ቤቱ ሁሉ እንደማይጠቅመው፤ የበጋው ሣር የተወሰደበት ከብት አርቢም ሰፊው ሜዳ አልጠቀመውም። በእርሻ ያልተያዘውም ዳር ቢሆን እንደ ቀድሞው አላበቀለም፤ የቆቃ ግድብ ጎርፉን ስለ ያዘው ውሃው በሜዳው ላይ መፍሰሱን ቀንሶ ነበርና።

ከዚያም ድርቁ መጣ። በ1964 ዓ.ም. እና በ1965 ዓ.ም. ዝናም ጠፋ። ድርቅ ለአፋር አዲስ ነገር አልነበረም፤ በፊት በመጣ ጊዜ ወደ ወንዙ ዳር እየገባ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ወደ ወንዙ በገባ ጊዜ ያገኘው የጥጥ ማሳ፤ ቦይና ዘበኛ ነው። ከብቱ አለቀ። የተረፈውንም ወደ ገበያ በወሰደው ጊዜ የከብት ዋጋ ወርዶ የእህል ዋጋ ጸንቶ ተገኘ። የህንድ ተወላጅ የሆነው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በአውሮፓ ዘመን 1981 ዓ.ም. ስለ ድህነትና ስለ ረኃብ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የወሎ ረኃብ መርምሮ ጽፏል። በዚያም የአፋር ከብት አርቢ ሁለት ጊዜ እንደ ተመታ ያሳያል፤ አንደኛ ከብቱ በመሞቱ፤ ሁለተኛ በቀረው ከብት የሚገዛው እህል በማነሱ። የበጋ ግጦሹ ለንግድ እርሻ መወሰዱንም ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ወተት ሲቀር የመጀመሪያው ሟች ሕፃን ነው። እናት ግመሏ ከነጠፈች፤ ላሟም ከሞተች፤ ለልጇ የምትሰጠው የላትም። በረኃብ የደከመ ሰውነት ደግሞ ኩፍኝንና ተቅማጥን መቋቋም አይችልም። ስለዚህ በረኃብ ዘመን ብዙ ሰው የሚሞተው እህል በማጣት ብቻ ሳይሆን በሌላው ጊዜ ታሞ በሚድንበት በሽታ ነው። በየመንገዱ ዳር የወደቁት ሰዎች ነገር በ1966 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ የንጉሠ ነገሥቱንም መንግሥት ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ፤ በሐዳር፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት የድንቅነሽ ዐፅም ተገኘችና ዓለም ወደ አፋር ምድር ተመለከተ። በጣም የቆየው ዐፅም እንዲህ ሲከበር፤ ትናንት በዚያው ምድር የተቀበሩት ሕፃናት ቍጥር ግን በትክክል የተጻፈበት መዝገብ የለም።

ረኃቡ ካለፈ በኋላ የቀረው የበሽታ ነገር ነው። እርሻው ውሃን በየቦዩ ዓመቱን ሙሉ አቆመ። በቦዩ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይራባል፤ በቀንድ አውጣውም የቢልሃርዚያ ትል ያድጋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ወደ ውሃው ሲገባ የትሉ ዕንቍላል ይፈለፈላል፤ ከቀንድ አውጣው ገብቶ ይበዛል፤ ከዚያ ወጥቶ በውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በወንጂና በመተሐራ ቦዮች የሚገኘው የአንጀቱ ዓይነት ነው፤ በታች በገዋኔ ረግረግ ያለው ደግሞ የፊኛው ዓይነት ነው። በሽታው ከሚገኝበት አገር ለሥራ የመጣ ሠራተኛ ትሉን ይዞ መጣ፤ ቦዩም ማደሪያ ሰጠው። እንግዲህ ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም፤ ዕውቀቱ ሳይኖረው፤ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ሳይሰጠው በውሃ ውስጥ እንዲውል ተደርጓልና።

ንዳድም እንዲሁ ነው። ቀድሞ በጎርፉ ወር ብቻ የነበረው ቢንቢ በቆመ ውሃ ዓመቱን ሙሉ የሚራባበት ስፍራ አገኘ። በቆቃ ሐይቅ ዙሪያ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፤ ከሐይቁ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖር ሰው ከ6 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚኖረው ይልቅ ከእጥፍ በላይ በንዳድ ይያዛል። በክረምት ከወንዙ ይርቅ የነበረው ከብት አርቢም መንጋው ሲያልቅበት በእርሻው ዳር ሰፍሮ ቀረ። የማይሄድ ሰው ሆነ፤ መሄዱ ይጠብቀው ከነበረውም በሽታ ጋር ዓመቱን ሙሉ አብሮ ዋለ፤ አብሮም አደረ።

ሦስተኛው ከምድር ሆድ የወጣ ነው። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ስለ ሆነ በውስጡ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛዋል። በወንጂ ለሠራተኞች መጠጥ የተቆፈሩ አንዳንድ ጥልቅ ጕድጓዶች በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ተገኘባቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ግን 1.5 ሚሊግራም ነው። ይህን ውሃ በልጅነቱ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዙ ዓመት የጠጣም አጥንቱ ይደርቃል፤ አንገቱንና ወገቡን ማዞር ይሳነዋል። ከከምባታ፤ ከሐዲያና ከወላይታ ለአገዳ ቆረጣ የመጡ ብዙ ሰዎች ጕልበታቸውን በእርሻው ላይ ካሳለፉ በኋላ እንዲህ ጐብጠው ቀሩ። ውሃውን የሚያጣራ መሣሪያ በኋላ ተተከለ፤ ነገር ግን የደረቀ ወገብ በማጣራት አይቀናም። በመተሐራም በኩል የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውሃ በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ፤ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ፤ የከረዩዎችንም ግጦሽ ዋጠው።

በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ይሁን ተብሎ ታወጀ። የኩባንያዎቹ እርሻ ተወረሰ። ሱልጣን አሊ ሚራሕም በዚያው ዓመት ተሰደዱ፤ የተመለሱት በ1983 ዓ.ም. ነው። የከብት አርቢው ሣር ግን አልተመለሰለትም፤ የኩባንያው እርሻ የመንግሥት እርሻ ሆነ እንጂ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ ቦዩ ግን በነበረበት ፈሰሰ።

በ1970ዎቹ ደግሞ አሸዋን ለመያዝና ጥላ ለመስጠት ተብሎ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾኻማ ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። የተተከለው በበጎ አሳብ ነበረ። ነገር ግን ከብት ፍሬውን በልቶ በፋንድያው በየሜዳው ዘራው፤ ሣሩን አነቀው፤ መንገዱን ዘጋው፤ ፍሬውን አብዝቶ የበላ ከብትም ጥርሱና ሆዱ ታመመ። በ2009 ዓ.ም. ገደማ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዞ ተገኘ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ለጎሣዎች ከተመለሰውም የእርሻ መሬት ብዙውን ይህ ዛፍ ቀድሞ ወረሰው። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ሰው ያልተጠየቀበት ነገር ስሙን የሚያገኘው ካመጣው ነው፤ በዚህም ስያሜ ውስጥ የአንድ ሕዝብ ፍርድ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያም በኋላ በተንዳሆና በከሰም አዲስ ግድብ ተሠርቶ፤ የወንዙ ዳር እንደገና ለሸንኮራ አገዳ ታሰበ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ወንዝ አይገደብ፤ መሬት አይታረስ የሚል አይደለም። የአገር ሰው ይራባልና እርሻ ያስፈልገዋል፤ ይጨልምበታልና መብራት ያስፈልገዋል። ትምህርቱ ሌላ ነው። ጤና የሚገኘው ከሐኪም ቤት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ለአዋሽ ሰው ጤናው በወተቱ፤ ወተቱ በሣሩ፤ ሣሩ በጎርፉ፤ ጎርፉም በወቅቱ ነበረ። ከነዚህ አንዱን የነካ ሁሉንም ነካ። በአንድ በኩል ግድብ ሲሠራ፤ በሌላ በኩል የወባ መድኀኒት ማደል፤ የመጀመሪያውን ሰበብ ትቶ የኋለኛውን ጭስ እንደ መከላከል ነው። መፍትሔውም ከአቅም በላይ አይደለም። የቆቃን ሐይቅ የመረመሩ ሊቃውንት እንደ ጻፉት፤ ውሃው ቢንቢ በሚራባበት ወራት ፈጠን ተደርጎ ቢቀነስ በዳሩ ያለው ዕጭ ደርቆ ይሞታል። ለመንጋ ወደ ውሃ መውረጃ መንገድ መተው፤ ከጎርፉም ጥቂቱን በወቅቱ ለሣሩ መልቀቅ፤ ጕድጓድ ሲቆፈር ውሃውን ከመጠጣት በፊት መመርመር፤ እነዚህ ሁሉ ከግድቡ ዋጋ ጋር ሲተያዩ ቀላል ናቸው። ከሁሉም የሚቀለው መጠየቅ ነው። መሬቱን ባዶ ነው ብሎ የጻፈው ሰው አንድ ሽማግሌ አግኝቶ «ይህ ሣር ለማን ተቀመጠ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፤ መልሱ በዳጉ ከመንደር ወደ መንደር ሲዞር የኖረ ነበረ።

የዓባይ ልጅ ቢጠማ ወንዙ ሩቅ ሄዷል ይባላል። የአዋሽ ልጅ ግን የተጠማው ወንዙ በፊቱ ሲያልፍ እያየ ነው። ከቦዩ ማዶ ያለው አገዳ ጠጥቶ ሲለመልም፤ ከቦዩ ወዲህ ያለው መንጋ ደርቆ አለቀ። ሁለቱን ያጠጣ ዘንድ ውሃው አላነሰም ነበር፤ ያነሰው የሰው አስተውሎ ነው።